ስምንት ደቂቃና አንድ ቃል፦ የሲሜሉ ደሴት ጉዳይ ከጣና ዳር ሲታይ

ባሕር ዳር ውስጥ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሱናሚ የሚለው ርዕስ ላይ በደረስን ቁጥር ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። አንድ ቀን ግን ጠመኔውን ሳላነሣ ጥያቄ አስቀደምሁ። «ባሕር ዳርቻ ቆማችኋል እንበል። መሬቱ መቆም እስኪያቅታችሁ ድረስ ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡ ሲያበቃ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ዓሣው ጭቃ ላይ ቀርቶ ይንፈራገጣል። ምን ታደርጋላችሁ?»

ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «በስልኬ እቀርጻለሁ» አለ። ጎኑ ያለው «እኔ ዓሣውን እለቅማለሁ» ብሎ ተከተለው። ክፍሉ ሳቀ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ እንዲያውም አንደኛው ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ነው። በታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የነበረ ስንቱ ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው። ባሕሩ ጥሎት የሄደውን ዓሣ ሊለቅም ወረደ፣ ያን እንግዳ ነገር ቆሞ አየ፣ በዚያው ቀረ። ሳቁ ሲበርድ መስኮት ዳር የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እህቴ ቤሩት ናት። ቤሩት ባሕር አለ አይደል?»

«አለ» አልኋት። ቀጥሎ ልትጠይቀኝ የፈለገችው ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር፤ ሰሌዳ ላይ ትርጉም በመጻፍ የሚመለስ አልነበረም። በዚያው ሳምንት አንድ ጉዳይ ይዤላቸው ገባሁ። እዚህ የማቀርበው እሱን ነው፣ ትንሽ አስፍቼ።

ላንጊ መንደር

ሲሜሉ ከሱማትራ ምዕራባዊ ጠረፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት። ያን ጊዜ 78,000 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። ዕለቱ እሑድ ነው። በደሴቷ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ስንናገረው፣ ከጠዋቱ 1:58 ሲል ከደሴቷ በስተሰሜን ከባሕሩ ወለል ሥር ያለው ዐለት ተሰበረ። ባሕር ዳር ገና ከሌሊቱ 9:58 ነበር፤ ሁላችንም እንቅልፍ ላይ ነን። ስብራቱ ወደ ሰሜን እየተተረተረ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከሚኬደው መንገድ ይረዝማል። ተተርትሮ እስኪያበቃ 10 ደቂቃ ያህል ፈጀ። የመንቀጥቀጡ መጠን 9.1 ተብሎ ተመዝግቧል።

የባሕሩ ወለል በሜትር የሚለካ ከፍታ ብድግ ሲል፣ ከላዩ ያለውን ውሃ በሙሉ ተሸክሞ ነው የሚነሣው። ተማሪ ሁልጊዜ የሚስተው ይህ ነጥብ ስለሆነ ልቆይበት። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚያነሣው ማዕበል የውሃውን ቆዳ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ዳር ደርሶ ይሰበርና ይመለሳል። ሱናሚ ሲሆን ግን ከወለሉ እስከ ገጹ ያለው ውሃ ሁሉ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ዳር ሲደርስ አይመለስም፤ ባሕሩ ራሱ ከፍ ብሎ ለደቂቃዎች ያለማቋረጥ ወደ የብስ ይገባል። ቁመቱ ከጉልበት ባያልፍ እንኳ ሰው ይጥላል።

ላንጊ በሲሜሉ ሰሜናዊ ጠረፍ ያለች መንደር ናት፤ 800 ያህል ነዋሪ ነበራት። መንቀጥቀጡ ካቆመ ከ8 ደቂቃ ያህል በኋላ ከ10 ሜትር የሚበልጥ ውሃ ገባባት። የሦስት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው። መንደሯ ተጠርጋ ሄደች። ከ800ው ሰው የሞተ የለም።

በደሴቷ በሙሉ የሞቱት 7 ናቸው ተብሎ ተመዝግቧል። ከፊት ለፊቷ ያለውን የአቼን ምድር ጨምሮ በኢንዶኔዥያ የሞተውና ደብዛው የጠፋው ሰው ከ160,000 ይበልጣል። በ14 አገሮች በድምሩ 230,000 ያህል ሰው አልቋል። ክፍሌን ዝም ያሰኘው ግን የሟቹ ብዛት አልነበረም። የአቼ ዋና ከተማ በሆነችው በባንዳ አቼ ውሃው የደረሰው መንቀጥቀጡ ከተሰማ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ነው። የላንጊ ሰው ካገኘው ጊዜ እጥፍ ያህል ነበራቸው።

ላንጊ ሳይረን አልጮኸም። በሬዲዮ የተናገረ፣ በስልክ የደወለ ባለሥልጣን አልነበረም። ሕንድ ውቅያኖስ ያን ጊዜ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ጨርሶ አልነበረውም። የሲሜሉ ሰዎች የነበራቸው አንድ ቃል ነው፦ ስሞንግ።

ቃሉ የተወለደው ከሐዘን ነው። በታኅሣሥ 26 ቀን 1899 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1907) ደሴቷን ያው ዓይነት ውሃ መጥቶ ብዙ ሰው ፈጀባት። የተረፉት በገዛ ቋንቋቸው ስሞንግ አሉት፤ ለልጆቻቸው ነገሩ፣ ልጆቻቸውም ለልጆቻቸው። አያቶች ማታ ማታ አወሩት፣ በእንጉርጉሮም አሳለፉት። ቁም ነገሩ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፦ ምድር በኃይል ከተንቀጠቀጠች፣ ባሕሩም ከሸሸ፣ ወደ ኮረብታ ሩጥ። ከዚያ እሑድ ጠዋት ድረስ 97 ዓመት አልፏል። ያንን የመጀመሪያውን ስሞንግ በዓይኑ ያየ ሰው በሕይወት ቢገኝ እንኳ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ሆኖም ሰዉ «ስሞንግ! ስሞንግ!» እየተባባለ፣ ሕፃኑን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ዳገቱን ወጣ። ኮረብታው ለመንደሮቹ ቅርብ መሆኑም ረድቷቸዋል፤ ይህን መዘንጋት የባንዳ አቼን ሰዎች መበደል ነው።

ደራሽ

ይህን ለተማሪዎቼ ስተርክ ያደግሁበት ፎገራ ትዝ አለኝ። ጉማራ ወንዝ ዳር ከብት ስንጠብቅ ክረምት ላይ አንድ የምናውቀው ነገር ነበር። እኛ ያለንበት ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ወደ ምሥራቅ ዞር ስንል ግን ጉና ጠቁሯል። ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው፣ ጠጠሩ ይታያል። ከዚያ በመጀመሪያ አረፋ ይመጣል፤ አረፋው ላይ ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ ተሳፍሯል። ቀጥሎ ውሃው ይደፈርሳል። ከዚያ ከላይ በኩል ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ ግን አርፍዷል። በደንብ የለመደ እረኛ ቅጠሉን ሲያይ ነው «ደራሽ!» ብሎ የሚጮኸው።

ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም። «ደራሽ!» ሲባል ከሌሎቹ ጋር ሮጬ ወጣሁ፤ ምሳዬን የቋጠርሁበት ጨርቅ ግን ከታች ድንጋይ ላይ ቀርቷል። ከላይ ሆኜ ይታየኛል። ውሃው ገና አልደረሰበትም። ልወርድ ስል አንድ ተለቅ ያለ እረኛ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ እስኪያመኝ ድረስ። አልተናገረኝም። ጥቂት ቆይቶ ድንጋዩም ጨርቁም አልነበሩም፤ ሥሩ የተነቀለ ግራር እየተንከባለለ አለፈ።

«ደራሽ» ሲባል ትርጉሙን የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ቃሉ ውስጥ ሁሉም አለ፤ የሚመጣ ነገር እንዳለ፣ እንደማይጠብቅ፣ ወደ ላይ መውጣት እንዳለብህ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ብዙዉን ሰው ያገኘው በእንቅልፉ ነው፤ ቅጠሉንም አረፋውንም ያየ፣ ቃሉን የጮኸ አልነበረም።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ አልሁ፦ «ስሞንግ ማለት የባሕር ደራሽ ነው።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገም። በስልኬ እቀርጻለሁ ያለው ልጅ ቀና ብሎ «ታዲያ ደራሽ ከሆነማ ማን ቆሞ ያያል?» አለ። ያ ልጅ ያደገው ርብ ወንዝ አጠገብ ነው። ለካ ዕውቀቱ ነበረው፤ እኔ ነኝ ሱናሚ በሚል የባዕድ ስም ሸፍኜ የደበቅሁበት። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፣ የወደብ ማዕበል ማለት ነው። ለጃፓን ዓሣ አጥማጅ ወዲያው ትርጉም ይሰጠዋል፤ ለእኛ ልጆች ግን ለፈተና የሚጠና ስም ሆኖ ቀርቷል።

ምልክቶቹ ምን ያህል ያስተማምናሉ

የሲሜሉን ጉዳይ ሰው ሲተርከው ብዙ ጊዜ የሚያደምቀው የባሕሩን መሸሽ ነው። እኔ ደግሞ የምፈራው ይህንን ነው። ሱናሚ እንደማንኛውም ማዕበል ጫፍና ጎድጓዳ አለው። ጎድጓዳው ቀድሞ ከደረሰ ባሕሩ ይሸሻል፤ ጫፉ ከቀደመ ግን ሳይሸሽ በቀጥታ ይገባል። በ1997ቱ አደጋ ከስብራቱ በስተምሥራቅ ላሉት፣ ለታይላንድና ለሱማትራ፣ የቀደመው ጎድጓዳው ነበር። በስተምዕራብ፣ ወደ ሕንድና ወደ ስሪላንካ አቅጣጫ፣ ጫፉ ቀድሞ ነው የተጓዘው። ስለዚህ «ባሕሩ እስኪሸሽ ልይ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው የማይመጣ ምልክት ሊጠብቅ ይችላል።

እኔ የማስተምረው መንቀጥቀጡን አስቀድሜ ነው። ባሕር አጠገብ ሆነህ ለመቆም የሚያስቸግር፣ ወይም ቀለል ያለ ሆኖ ከ20 ሰከንድ በላይ የሚቆይ መንቀጥቀጥ ከተሰማህ፣ ማስጠንቀቂያው እሱ ራሱ ነው። ሌላ ሰው እስኪነግርህ አትጠብቅ። ቀለል ብሎ የሚረዝመው በተለይ ያታልላል፤ ሰው «ይህማ ምንም አይደል» ብሎ ይቀመጣል። የባሕሩ መሸሽ፣ ያለ ነፋስ መፍላቱ፣ እንደ ባቡር ወይም እንደ አውሮፕላን የሚያጓራ ድምፅ ከተጨመረ ደግሞ የቀረህ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። መኪና አትፈልግ፤ መንገዱ ይዘጋል። በእግር ወደ ከፍታ። ከፍታ ከሌለ ጠንካራ የኮንክሪት ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅና ከዚያ በላይ።

ከወጡ በኋላ ለመውረድ አለመቸኮል ብቻውን የብዙ ሰው ሕይወት ያድናል። የመጀመሪያው ውሃ ትንሹ ሊሆን ይችላል። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 10 ደቂቃም፣ አንድ ሰዓትም ሊያልፍ ይችላል። ውሃው ሲመለስ ሰው የተረፈ ዘመድ ወይም ንብረት ሊፈልግ ይወርዳል፤ ሁለተኛው እዚያ ያገኘዋል። ምሳዬን ልፈልግ ስል ክንዴን የያዘኝ እረኛ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣብኝ እዚህ ላይ ነው።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ ምህንድስና ተምረው ውቅያኖስ ላይ የሚሠሩ ልጆች አሉን። ለእነሱ ነገሩ ይገለበጣል። ጥልቅ ባሕር ላይ ሱናሚ በመርከብ ሥር ሳይታወቅ ያልፋል፤ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ወደ ወደብ መግባት ነው አደጋው።

ስሞንግም ገደብ አለው። መንቀጥቀጡ ካልተሰማህ የመጀመሪያው ምልክት የለህም። ከእኛ በማይርቀው የሶማሊያ ጠረፍ ላይ የሆነው ይህ ነው። ሐፉን ዝቅ ባለ አሸዋማ ምድር ላይ ያለች መንደር ናት። ስብራቱ ከተነሣበት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ምድር ሳትነቃነቅባት፣ ከ7 ሰዓት ገደማ በኋላ ውሃው መጣባት። በሶማሊያ 300 ያህል ሰው ሞተ። ሰባት ሰዓት! የላንጊ ሰው በስምንት ደቂቃ የተረፈበትን ነገር በሰባት ሰዓት ውስጥ የነገራቸው አልተገኘም። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማስጠንቀቂያ ማዕከል ነበረው፤ የሕንድ ውቅያኖስ ግን ማን ለማን እንደሚደውል እንኳ አልተወሰነለትም ነበር። ኬንያ ላይ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ሰዉን ከባሕር ዳርቻ ስላስወጡት የሞተው አንድ ሰው ነው። ለሕንድ ውቅያኖስ የተዘረጋው ሥርዓት በ2011 እ.ኤ.አ. ሙሉ ሥራ ሲጀምር፣ ለሐፉን ሰዎች ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ፤ ለቀጣዮቹ ግን አስፈላጊ ነው። ከሩቅ ለሚመጣው መሣሪያውና ስልኩ፣ ከቅርብ ለሚነሣው የራስ እግር። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

በጊዮርጊስ በር ስምንት ደቂቃ

«ጣናስ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ከተማዋ ራሷ ባሕር ዳር አይደል ስሟ። ጣና ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው ጥልቀቱ፤ ዳርቻው ለጥ ያለ ነው። የሱናሚ ፍጥነት በጥልቀት ይወሰናል። አራት ሺህ ሜትር ጥልቅ በሆነ ውቅያኖስ ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ጣና ላይ ብናስበው ከ40 እምብዛም አያልፍም። ሐይቅም ቢሆን ጨርሶ አይነካውም ማለት አይደለም። በ563 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ሐይቅ ራስጌ ተራራ ተንዶ የተነሣው ማዕበል ዳር ዳሩን አጥፍቷል። ጣና ግን እንዲህ ያለ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለበት ሐይቅ አይደለም። ልጆቼን በጣና ማስፈራራት አልፈለግሁም። የእኛ ሰው አደጋው የሚያገኘው ከዚህ ሲወጣ ነው፤ ጅቡቲ፣ ጅዳ፣ ቤሩት።

ሆኖም ስምንት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ እግራቸው እንዲያውቀው ፈለግሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ፣ ውሃው ዳር ተሰባሰብን። አንዷ 10 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን እንደ ሕፃን አቀፈች። ሁለት ወንዶች ሦስተኛውን እንደ ሽማግሌ ደገፉት። «ደራሽ!» አልሁ፤ ስልኬ ላይ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ።

ዘንባባው በተተከለበት መንገድ በጥድፊያ ሄድን። ባጃጅ ነጂዎች እየዞሩ ያዩናል። በአራተኛው ደቂቃ ጀሪካኑ እጅ ቀየረ። በስድስተኛው ሽማግሌ የሆነው ልጅ የእውነት አላበው። ስምንት ደቂቃ ሞላ፤ ቆምን። ሁሉም ዞር ብሎ የመጣበትን ተመለከተ። ሐይቁ በዛፎቹ መካከል ያብለጨልጫል፤ ያው በቆምንበት ልክ። ከውሃው ርቀናል እንጂ ስንዝር ታህል ከፍ አላልንም። «ቲቸር፣ ቤዛዊት ኮረብታ ድረስማ አንደርስም» አለ አንዱ። አይደርሱም። ባንዳ አቼም እንዲህ ለጥ ያለች ከተማ ናት፤ ውሃው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ዘልቆ ገብቶባታል። የፎቅ ቤት ነገር ያን ጊዜ በደንብ ገባቸው። ቀና ብለው ሕንፃዎቹን ማየት ጀመሩ፤ የቱ የኮንክሪት ነው፣ የቱ ደረጃው ከውጭ ነው፣ የቱ ዘበኛው አያስገባም እያሉ ተከራከሩ። ስለ አደጋ ካስተማርኋቸው ቀናት ሁሉ የዚያን ቀኑን ያህል ደስ ያለኝ የለም።

ቤሩት ያለችው እህት ጉዳይ ይቀረኝ ነበር። ለልጅቷ የነገርኋት በታሪክ የተጻፈውን ነው። በ551 እ.ኤ.አ. ቤሩትን መንቀጥቀጥና ሱናሚ አፍርሰዋታል። የዘመኑ ጸሐፊ የኤፌሶኑ ዮሐንስ እንደተወው፣ ባሕሩ ሲሸሽ ሰዉ በሰመጡ መርከቦች ውስጥ ያለውን ሀብት ሊዘርፍ ወረደ፤ ውሃው ተመልሶ ከነምርኮው ወሰደው። ልጅቷ ዓሣ እለቅማለሁ ወዳለው ልጅ ዞር ብላ አየችው። እሱም አንገቱን ደፋ።

ያን ምሽት ለእህቷ የድምፅ መልእክት ላከችላት። ምን እንደምትላት አስቀድማ እኔን አሰምታኝ ነበር። ስለ ሱናሚ አላነሣችም። «እትዬ፣ እዚያ መሬት ከተንቀጠቀጠ ደራሽ ይመጣል በይ። የባሕር ደራሽ። እመቤትሽን አታስፈቅጂ፣ ሻንጣ አትፈልጊ። ከቤታችሁ በላይ ዳገት አለ?»

መልሱ የመጣው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው፤ እህትየዋ የእረፍት ቀኗን ጠብቃ። ከምትሠራበት ቤት ተነሥታ ወደ አሽራፊየህ የሚወስደውን ዳገት ሞክራዋለች፤ የመጀመሪያውን መንገድ በግንብ ተዘግቶ አግኝታ ተመልሳለች፣ በሁለተኛው ደረጃ አግኝታ ወጥታለች። ልጅቷ ክፍል ስትገባ ጠመኔ ለምናኝ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፈችው፦ 11 ደቂቃ፣ በደረጃው በኩል።